ምሰሶ የሌለው ጎጆ፦ የሂውስተኑ አስትሮዶም እንዴት ተሠራ፣ ሣሩስ ምን ሆነ?

(በሂውስተን፣ ቴክሳስ ለሐበሻ ወጣቶችና ቤተሰቦች በተዘጋጀ የቅዳሜ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ወጣቶች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ወሬውን ከመጀመሬ በፊት አንዲት ነገር ከፊት ወንበር ጀምራ እጅ በእጅ ትዙር። ይቺ አረንጓዴ ቁራጭ ናት። ወርዷም ቁመቷም አንድ ጫማ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዳሰስ አድርጓት። ትሻክራለች። በጥፍራችሁ ብትፍቋት እንደ ልብስ ብሩሽ ድምፅ ታወጣለች። ከሩቅ ሣር ትመስላለች፤ ግን ውኃ ጠጥታ አታውቅም። በ2013 የከተማችን አሮጌ ስታዲየም ዕቃው ለሕዝብ ሲሸጥ በ20 ዶላር የገዛኋት ናት። ጥንድ ወንበር ደግሞ በ200 ዶላር ይሸጥ ነበር። ሰልፉ ረጅም ነበር። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ወንበር የሚገዙት አባታቸው በልጅነታቸው ይዘዋቸው ይመጡ ስለነበር እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ግን የፈለግኩት ይቺን ምንጣፍ ነበር። ለምን እንደፈለግኳት ዛሬ እነግራችኋለሁ።

ስታዲየሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ610 መንገድ በደቡብ በኩል ስታልፉ፣ ከትልቁ ኤንአርጂ ስታዲየም ጎን ዝቅ ብሎ የተቀመጠው ግራጫ ክብ ሕንፃ ነው። አስትሮዶም ይባላል። ብዙዎቻችሁ ምን እንደሆነ ሳትጠይቁ ለዓመታት አልፋችሁታል። እኔም መጀመሪያ እዚህ ከተማ ስመጣ እንደዚያው ነበርኩ። ሙያዬ የሕንፃ ምህንድስና ሆኖ እንኳ ቆም ብዬ ያየሁት ዘግይቼ ነው። ካየሁት በኋላ ግን አልለቀቀኝም።

በ1965 ሲከፈት በዓለም ላይ እሱን የሚመስል አልነበረም። ሙሉ የቤዝቦል ሜዳ፣ ወደ 42,000 ወንበር፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ሁሉም በኤሲ ውስጥ። አሠሪዎቹ "ስምንተኛው የዓለም ድንቅ" ብለው ጠሩት። ማጋነን ይመስላል። እስቲ ቁጥሩን እንየው። ጉልላቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 196 ሜትር ገደማ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት 105 ሜትር ነው። ጫፍና ጫፍ የተገጠሙ ሁለት ሜዳዎችን ለመያዝ ትንሽ ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። ሮም ያለው የፓንቴዮን ጉልላት፣ ሰው ሁሉ ለ1,900 ዓመት ሲደነቅበት የኖረው፣ 43 ሜትር ነው። አስትሮዶም ከአራት ጊዜ በላይ ይሰፋል። ከሜዳው እስከ ጣሪያው ደግሞ 63 ሜትር ነው። አሥራ ስምንት ፎቅ ያለው ሕንፃ ውስጡ ይቆማል።

ግን ለምን? ይህን ያህል ወጪ ለምን?

መልሱን ቆዳችሁ ያውቀዋል። ነሐሴ ላይ ከመኪና ወርዳችሁ ሱፐርማርኬት በር እስክትደርሱ ሸሚዛችሁ ይጣበቃል። ሂውስተን በ1960 የትልቁ የቤዝቦል ሊግ ቡድን እንዲኖራት ሲፈቀድላት ጣሪያ ያለው ስታዲየም እንደምትሠራ ቃል ገብታ ነው። እስከዚያው ቡድኑ ክፍት በሆነ ጊዜያዊ ሜዳ ሦስት ዓመት ተጫወተ። የዚያ ዘመን ሰዎች ከጨዋታው ይልቅ የሚያወሩት ስለ ቢንቢው ነው። ቢንቢው ትልቅ ነው፣ ብዙ ነው፣ ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሳል። በየጨዋታው መሐል ሜዳው ላይ መድኃኒት ይረጭ ነበር።

ከሥራው ጀርባ የነበረው ሰው ሮይ ሆፍሃይንዝ ይባላል። ከዚያ በፊት የሂውስተን ከንቲባ ነበር። ቀደም ሲል ገና በ24 ዓመቱ የሐሪስ ካውንቲ ዳኛ ሆኖ ስለነበር ሰው ሁሉ ዕድሜ ልኩን "ዳኛው" እያለ ይጠራዋል። ሮም ሄዶ ኮሎሲየምን ሲጎበኝ ጥንት ተመልካቹን ከፀሐይ ለመከለል ከላይ ሸራ ይዘረጋ እንደነበር ሰማ። ሐሳቡ ያኔ እንደመጣለት ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ልጆቻችን እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ስታዲየሙ የተሠራው በሕዝብ ገንዘብ ነው። ካውንቲው ቦንድ ለመሸጥ በ1961 የመራጩን ድምፅ ጠየቀ። ያኔ ሂውስተን ጥቁርና ነጭ የሚለያይባት ከተማ ነበረች። ኩዌንቲን ሚዝ የተባሉ የጥቁሮች ማኅበረሰብ መሪ ድጋፍ ሲጠየቁ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጡ። ስታዲየሙ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ለሁሉም እኩል ክፍት ይሁን፣ የተለየ መቀመጫ አይኑር አሉ። ተስማሙ። የጥቁሮች ድምፅ ተጨምሮበት ቦንዱ አለፈ። ዛሬ እኛ በዚህች ከተማ እንደልባችን የምንገባ የምንወጣው እንዲህ ዓይነት ሰዎች ቀድመው ስለጠየቁልን ነው። ስማቸውን ያዙልኝ።

ጥር 3 ቀን 1962 ሥራው ሲጀመር ባለሥልጣናቱ በአካፋ ፋንታ ሽጉጥ ይዘው መሬቱን ተኮሱ። ቡድኑ ያኔ በሽጉጥ ስም ኮልት 45 ይባል ስለነበር ነው። ይህ ቴክሳስ ነው።

አሁን ወደ ጣሪያው እንምጣ። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ትንሽ ታገሡኝ።

ገጠር ያደጋችሁ ጎጆ ሲሠራ አይታችኋል። መሐል ላይ ምሰሶ ይቆማል። ከግድግዳው ተነስተው ወራጆች ወደ ምሰሶው ጫፍ ይወጣሉ። ወራጆቹን ዙሪያውን ማገር ያያይዛቸዋል። ከዚያ ክዳኑ ይለብሳል። በቃ፣ ቤት ሆነ።

አሁን ምሰሶውን በሐሳባችሁ ንቀሉት። ጣሪያው ወደ መሐል መስመጥ ይፈልጋል። ግን ለመስመጥ የወራጆቹ እግር ወደ ውጭ መንሸራተት አለበት። ግድግዳውን ይገፋዋል ማለት ነው። ምሰሶው የበሰበሰበት አሮጌ ጎጆ ግድግዳው ወደ ውጭ ጎብጦ ያያችሁት ለዚህ ነው። ታዲያ የወራጆቹን እግር ዙሪያውን በማይላላ ቀለበት ጥርቅም አድርጋችሁ ብታስሩትስ? እግሩ መንሸራተት አይችልም። እግሩ ካልተንሸራተተ አናቱ አይሰምጥም። ምሰሶው ሳይኖር ቤቱ ቆመ።

አስትሮዶም ይኸው ነው። ሌላ ተአምር የለውም። በጉልላቱ ግርጌ ዙሪያውን የሚዞር ትልቅ የብረት ቀለበት አለ። ጉልላቱ ወደ ውጭ ሲገፋ ቀለበቱ ይወጠርና ይይዘዋል። ከላይ ያሉት ብረቶች ይጨመቃሉ፣ ከታች ያለው ቀለበት ይወጠራል፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ጣሪያው ዝም ይላል።

ብረቶቹ ግን እንደ ጎጆ ወራጅ ቀጥ ብለው ወደ መሐል አይሄዱም። የመሶብ ክዳን አስቡ። ስፌቱ ላይ ያለው ጥለት እየተቆራረጠ አልማዝ አልማዝ እየሠራ ወደ አናቱ ይወጣል። የአስትሮዶም ብረትም እንደዚያ ነው የተጠላለፈው። ይህን አሠራር ያመጣው ኪዊት የሚባል የሴንት ሉዊስ መሐንዲስ ነው። ጥቅሙ ምንድን ነው? አንድ ቦታ ላይ ሸክም ቢበዛ ጎረቤቶቹ ይካፈሉታል። ሸክሙ በአንድ መንገድ ብቻ አይወርድም፤ አንዱ ቢደክም ሌላ መንገድ አለው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ መሐንዲሶቹን እንቅልፍ ይነሱ ነበር። አንዱ ነፋስ ነው። ባሕረ ሰላጤው ቅርብ ነው፣ ሃሪኬን ይመጣል። ብዙ ሰው ነፋስ ጣሪያን የሚጫን ይመስለዋል። ጉልላት ላይ ግን ነፋሱ አናቱን ሲያልፍ ይበልጥ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሊነጥቀው ይሞክራል። ስለዚህ ሞዴል ሠርተው በነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ ፈተኑት። በሰዓት 135 ማይል ያለማቋረጥ የሚነፍስ፣ በቅጽበት እስከ 165 ማይል የሚደርስ ነፋስ እንዲችል ተሰላ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 196 ሜትር የሚሆን ብረት በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። በእጃችሁ ለኩት፤ አራት ጣት ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን ያ ሁሉ ብረት አራት ጣት ልሂድ ካለ ከፊቱ የሚቆም ግድግዳ የለም። ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጣሪያው ግድግዳው ላይ ድርቅ ብሎ አልታሰረም። የተሸከሙት ዓምዶች ከታችም ከላይም እንደ በር ማጠፊያ መወዛወዝ በሚችሉ መጋጠሚያዎች ተያያዙ። ጣሪያው ቀን ቀን ይተነፍሳል፣ ማታ ማታ ይሰበሰባል። እኛ ከመንገድ ስናየው ዝም ያለ ይመስላል እንጂ በየቀኑ ይንቀሳቀሳል።

እንግዲህ ቀለበቱ ጣሪያውን የሚይዘው ጣሪያው ሲያልቅ ነው። ሳያልቅስ ምን ይይዘዋል? ለዚህ ሲባል ሜዳው ላይ 37 ጊዜያዊ የብረት ማማዎች ቆሙ። አንዱ በትክክል መሐል ላይ ነበር። ይህ የጎጆው ምሰሶ ነው። ክሬኖቹ ብረቱን እየሰቀሉ ማማዎቹ ላይ አሳረፉት፣ ሠራተኞቹ ሰማይ ላይ ሆነው አንዱን ካንዱ አያያዙት። ሲያልቅ ምሰሶዎቹን ማውጣት ይቀራል።

ያንን ቀን አስቡት። በየማማው አናት ላይ ክሪክ አለ፤ ለመኪና ጎማ የምንጠቀምበት ዓይነት፣ ግን ግዙፍ። አንዱን ማማ ቀድሞ ማውረድ አይቻልም። ያኔ ሸክሙ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ይዞርና ያጎብጠዋል። ሁሉም በተራ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ትንሽ ይወርዳል፣ ይለካል፣ እንደገና ትንሽ ይወርዳል። የሆነ ቅጽበት ላይ በማማውና በጣሪያው መካከል ክፍተት ይታያል። ብርሃን ያልፋል። ያን ጊዜ ጣሪያው ራሱን ችሏል። ያን ክፍተት መጀመሪያ ያየው ሠራተኛ ምን እንደተሰማው ሁሌ አስባለሁ። ሥራ ላይ ከዚያ ያነሰ ክፍተት እያየሁ እኔ ራሴ ልቤ ቀጥ ብሎ ያውቃል። ስሌት ወረቀት ላይ ትክክል ሆኖ ማየትና ብረቱ ላይ ማየት አንድ አይደለም።

ኤሲውን በአጭሩ ልለፈው። የማቀዝቀዣ ጉልበት በቶን ይለካል። አንድ ቶን ማለት አንድ ቶን በረዶ በአንድ ቀን ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ነው። የእናንተ ቤት ሦስት ወይ አራት ቶን ይበቃዋል። አስትሮዶም 6,600 ቶን ተገጠመለት።

አሁን ወደዚያች ቁራጭ ምንጣፍ እንመለስ። የት ደረሰች? ጥሩ፣ ትዙር።

ቤዝቦል በሣር ላይ ነው የሚጫወቱት። ሣር ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጣሪያውን ሙሉ በሙሉ አልደፈኑትም። በብረቶቹ መካከል ከ4,500 በላይ የሰማይ መስኮቶች አደረጉ። መስታወት አይደሉም፤ ግልጽ ፕላስቲክ ናቸው። ለቤት ውስጥ ብርሃን ይስማማል የተባለ የቤርሙዳ ሣር ተመርጦ ተተከለ። ሁሉም ታስቦበታል። በ1965 የጸደይ ወራት ሣሩ አረንጓዴ ነበር።

ሚያዝያ 9 ማታ ስታዲየሙ ተከፈተ። የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ ከኒውዮርክ ያንኪስ ጋር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ተገኝተዋል። የመጀመሪያውን ሆምራን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳው ውጭ የሚያወጣ ምት፣ የመታው የያንኪሱ ሚኪ ማንትል ቢሆንም ያሸነፈው የሂውስተን ቡድን ነው፤ 2 ለ 1። ስሙም ተቀይሮ አስትሮስ ሆኗል፤ ከተማዋ የጠፈርተኞች ከተማ ሆናለችና።

ችግሩ የታየው ቀን ላይ ነው። ፀሐይ ስትወጣ እነዚያ ሁሉ መስኮቶች አብረው አንጸባረቁ። ብረቱ ጥቁር፣ መስኮቱ የሚያንጸባርቅ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ኳሷም ነጭ ናት። አንድ ተጫዋች ከፍ ብላ የተመታች ኳስ ሊቀልብ ቀና ሲል ኳሷ መስኮቶቹ ውስጥ ትጠፋለች። እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ኳሷ ከጀርባው ትወድቃለች። ወይም ጭንቅላቱ ላይ። በልምምድ ላይ ሄልሜት አድርገው የወጡ ነበሩ። መነጽር ተሞከረ። ኳሷን ብርቱካናማና ቢጫ ቀለም መቀባት ተሞከረ። አልሆነም።

በመጨረሻ መስኮቶቹን ነጭ ቀለም ቀቧቸው። ብርሃኑ ቀነሰ። ተጫዋቾቹ ኳሷን ማየት ቻሉ። ሣሩ ግን ሞተ።

ይህን ነገር ከምህንድስና ትምህርት ቤት ይልቅ እዚህ ነው የተማርኩት፣ ለወጣቶቹም የምነግራቸው ለዚህ ነው። ማንም ሰነፍ አልነበረም። ስለ ሣሩ የሚያውቅ ሰው ሣሩን በደንብ አስቦታል። ስለ ብረቱ የሚያውቀው ብረቱን በደንብ አስቧል። ግን አንድ መስኮት ሁለት ጌታ ነበረው፤ ሣሩና የተጫዋቹ ዓይን። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ "ቀን ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ቆሜ ቀና ብል ምን አያለሁ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ነፋሱ በሞዴል ተሞከረ፣ ዓይን ግን አልተሞከረም። የእኔ አመለካከት ነው፤ ሌላ መሐንዲስ ሊቃወመኝ ይችላል። ግን እኔ ዛሬም ቢሆን ፕላን ሲመጣልኝ ውስጡ የሚቆመውን ሰው ቦታ ሳልቆም አልፈርምም።

የዚያን ዓመት ቀሪ ጨዋታዎች በምን ላይ ተጫወቱ መሰላችሁ? በሞተ ሣርና በአፈር ላይ። ከሩቅ እንዳይታወቅ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ። 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በፈጀ ሕንፃ ውስጥ የተቀባ አፈር።

ሞንሳንቶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ያኔ ከናይለን የተሠራ ሰው ሠራሽ ሣር ነበረው። ስሙ ኬምግራስ ይባላል። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተነጥፎ ነበር፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። ለአስትሮዶም ሲጠየቅ ሙሉ ሜዳ የሚሸፍን ምርት እንኳ አልነበረም። በ1966 መጀመሪያ የውስጠኛው ሜዳ ለበሰ፣ የውጪው ክፍል ከወራት በኋላ ተጨመረ። ስሙም ተቀየረ፤ አስትሮተርፍ ተባለ። በየጨዋታው መሐል ሜዳውን የሚያጸዱ ሠራተኞች የጠፈርተኛ ልብስ ለብሰው ይወጡ ነበር።

ያ ምንጣፍ ከዚህ ከተማ ወጥቶ ዓለምን አዳረሰ። እናንተ ልጆች ማታ ማታ ኳስ የምትጫወቱበት ሰው ሠራሽ ሜዳ የዚህች ቁራጭ የልጅ ልጅ ነው። ያኔ ግን እንደዛሬው ለስላሳ አልነበረም። ቀጭን ምንጣፍ ነው። የወደቀ ተጫዋች ቆዳው ይላጣል፤ ለዓመታት የተጫወቱበት ስለ ጉልበታቸው ያማርሩ ነበር። ቁራጯን የያዝከው ልጅ፣ ክርንህን ቀስ አድርገህ አሻሻት። አየህ?

ሌሎች ያልታሰቡ ነገሮችም መጡ። በ1974 ማይክ ሽሚት የተባለ የፊላደልፊያ ተጫዋች ኳሷን በኃይል መታት። ሁሉም ሰው ከሜዳ ውጭ የምትወጣ መስሎት ነበር። ኳሷ ግን ከጣሪያው ከተንጠለጠለ የድምፅ ማጉያ ጋር ተላትማ ሜዳ ላይ ወደቀች። ሕጉ በጨዋታ ላይ ናት ስለሚል ሆምራን መሆን የነበረባት ምት ተራ ምት ሆነች።

በ1976 ሰኔ 15 ደግሞ ዝናብ ጨዋታ አስቀረ። አዎ፣ ጣሪያ ባለው ስታዲየም ውስጥ። ውስጡ ደረቅ ነው። ግን ሂውስተን በጎርፍ ተጥለቀለቀች። ተጫዋቾቹ ቀደም ብለው ገብተዋል፤ ዳኞቹና ተመልካቹ መድረስ አልቻሉም። ጨዋታው ተሰረዘ። ሁለቱ ቡድኖች ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶላቸው አብረው እራት በሉ። ሜዳው ከመንገዱ ወደ 7 ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ነው፤ እና ያን ቀን ከከተማው ደረቁ ጉድጓድ እሱ ነበር።

በዚህ ጣሪያ ሥር ብዙ ታሪክ አልፏል። መሐመድ አሊ በ1966ና በ1967 እዚህ ቦክስ ገጥሟል። በ1968 የሂውስተን ዩኒቨርሲቲና የዩሲኤልኤ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከ52,000 በላይ ሰው አየው። የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን ምሽት ላይ ብዙ ተመልካች እንደሚያገኝ ያን ቀን ታወቀ። በ1973 ቢሊ ጂን ኪንግ ቦቢ ሪግስን በቴኒስ አሸንፋዋለች፤ እህቶቼ፣ ያን ጨዋታ ፈልጋችሁ እዩት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ከተማ ጉልላት ፈለገ። ኒው ኦርሊንስ በ1975 ከእኛ የሚሰፋ ሠራች። ሲያትል በኮንክሪት ሠራች፤ በ2000 በፈንጂ አፈረሰችው። ሚኒያፖሊስ በአየር የሚነፋ ጣሪያ ሠራች፤ በታኅሣሥ 2010 በረዶ ከብዶት ተቀደደና ወረደ። ቶሮንቶ በ1989 የሚከፈትና የሚዘጋ ጣሪያ አመጣች። ሲንጋፖር በ2014 የከፈተችው ጉልላት 310 ሜትር ይሰፋል። እኛም ከተማ ውስጥ አስትሮስ በ2000 ጣሪያው ወደሚከፈት አዲስ ሜዳ ሄዱ፣ እውነተኛ ሣር ተተከለ። ፀሐይን ለሣሩ ለመመለስ 35 ዓመት ፈጀ።

ስለ አዲስ አበባው የአደይ አበባ ስታዲየም የምትጠይቁኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በር ላይ ሁለት ሰው ቀድሞ ጠይቆኛል። የዚያ ጣሪያ የታቀደው ለተመልካቹ ነው፤ ሜዳው ሰማይ ያያል። ለእኔ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። አዲስ አበባ ኤሲ አትፈልግም። የምትፈልገው ከክረምት ዝናብና ከቀትር ፀሐይ የሚከልል ነገር ነው። ሂውስተን የሠራችውን ለመምሰል ብቻ ሰማዩን መድፈን አያስፈልጋትም።

በ2005 መስከረም መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ ውስጡ ገባሁ። ካትሪና የተባለው ሃሪኬን የኒው ኦርሊንስን ጉልላት ቀዳዶት ነበር። እዚያ ተጠልለው የነበሩት ሰዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ እኛው ጉልላት መጡ። በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ከጓደኞቼ ጋር ውኃና ልብስ ይዘን ሄድን። ታጣፊ አልጋዎች ሜዳው ላይ መስመር በመስመር ተደርድረው ነበር። አንዲት አሮጊት አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ያያሉ። ደህና መሆናቸውን ስጠይቃቸው "ይሄኛው ያፈስሳል?" አሉኝ። አያፈስስም፣ እማማ፣ አይዞዎት አልኳቸው። በሕይወቴ ስለ ጣሪያ የተጠየቅኩት ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕንፃው ተዘጋ። በ2013 ካውንቲው ለማደስ 217 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ቢጠይቅ መራጩ እምቢ አለ። የሚፈርስ መሰለ። ዕቃው የተሸጠው፣ ይቺም ቁራጭ እጄ የገባችው በዚያ ሰሞን ነው። በ2014 ግን በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ፣ በ2017 ደግሞ የቴክሳስ ቅርስ ተብሎ ጥበቃ አገኘ። በ2018 ወለሉን ከፍ አድርጎ ሥሩን የመኪና ማቆሚያ የሚያደርግ የ105 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ ጸደቀ፤ ወደ ፊት ግን አልሄደም። እኔ እንዲፈርስ አልፈልግም። የቆመውን ነገር ለመጠገን ድፍረት እያጣን አዲስ ለመሥራት ግን ገንዘብ አናጣም።

ሚያዝያ 9 ቀን 2018፣ ልክ በተከፈተ በ53 ዓመቱ፣ በሩ ለአንድ ምሽት ለሕዝብ ተከፈተ። ከ20,000 በላይ ሰው መጣ። እኔም ሄድኩ። ወንበሮቹ የሉም፣ ምንጣፉ የለም፣ ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሰዎች ጣታቸውን እየቀሰሩ "እኛ እዚያ ነበርን የምንቀመጠው" ይባባላሉ። አንድ አባት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ መሐል ሜዳ ላይ ቆሟል። እኔም ወደ መሐል ሄድኩ። ያ የመሐለኛው ማማ ቆሞበት የነበረው ቦታ በግምት የት እንደሆነ ፈለግኩና ቀና አልኩ። መስኮቶቹ እንደተቀቡ ናቸው። ብረቶቹ እንደ መሶብ ክዳን እየተጠላለፉ ወደ አናቱ ይወጣሉ። ከእኔ ራስ እስከዚያ ድረስ 63 ሜትር አየር ብቻ ነው።